ጎጂራ ስንት ነው? የጃፓን የግዙፍ ጭራቅ ፊልሞችና የኦንላይን ቤተ መዛግብት



በ1970 ቶሆ የተባለው የጃፓን ፊልም ኩባንያ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ሠርቶት ሕዝብ የጎረፈለትን «ኪንግ ኮንግ ከጎጂራ» የተሰኘ ፊልም ከመጋዘን አውጥቶ በመቀስ ቆረጠው። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ ተራ የንግድ ጉዳይ ነበር። ቶሆ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት «ሻምፒዮን ፌስቲቫል» በሚል ስም ለልጆች ፊልሞችን ደራርቦ ያሳይ ነበር፤ የ97 ደቂቃው ፊልም ለዚያ ፕሮግራም ስለረዘመ ወደ 74 ደቂቃ እንዲወርድ ተፈለገ። የቆረጠውም ባዕድ ሰው ሳይሆን የፊልሙ ዳይሬክተር ኢሺሮ ሆንዳ ራሱ ነው። ጥፋቱ ያለው መቀሱ ባረፈበት ቦታ ላይ ነው። የተቆረጠው ለሲኒማ ቤት የሚላክ የማሳያ ቅጂ ሳይሆን ዋናው ኔጌቲቭ፣ ማለትም በካሜራው ውስጥ ያለፈውና ሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ የሚታተሙበት ፊልም ነበር። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ሙሉውን ማየት የፈለገ ሰው፣ የጎደለው ክፍል ከደከሙ ቅጂዎች በተለቀመ ምስል እየተሞላለት ለማየት ተገደደ፤ ቀለሙ በየመሃሉ ሲዘል፣ ምስሉ ሲደበዝዝ፣ መቀሱ የት የት እንዳለፈ በዓይን ይለይ ነበር። ሙሉው ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ በወጥ ጥራት የቀረበው በ2016 በተደረገው የ4ኬ ዲጂታል እድሳት ነው። አርባ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው።

ፊልም ጠፋ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው እሳት፣ ጦርነትና ቸልተኝነት ነው። እነሱም የበሉትን በልተዋል። የ1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥና የ1945ቱ የአየር ድብደባ ከጃፓን ድምፅ አልባ ፊልሞች እጅግ የሚበዙትን አጥፍተዋል፤ በ1984 ደግሞ በቶኪዮ፣ ኪዮባሺ በነበረው ብሔራዊ የፊልም ማዕከል የተነሣ እሳት የውጭ አገር ፊልሞችን አቃጥሏል። «ኪንግ ኮንግ ከጎጂራ» ግን የተጎዳው በሰላም ቀን፣ በባለቤቱ ቤት፣ በሠሪው እጅ፣ ልጆችን ለማስደሰት ተብሎ ነው። ኩባንያው ክፉ ስለነበረ አይደለም። ኩባንያ ፊልሙን የሚያየው ለነገ ገበያ እንደሚቀርብ ዕቃ ነው፤ ገበያው የሚፈልገውን ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ገበያው የማይጠይቀውን ይተወዋል። የ2016ቱ እድሳትም ቢሆን፣ ምንም ያህል ብንደሰትበት፣ ከዚሁ ጠባይ የወጣ አይደለም፤ የ97 ደቂቃውን ፊልም ሲመልስልን የ74 ደቂቃውን ወደ ጥላ ገፋው። በ1970 የጃፓን ልጆች ያዩት ግን ያንን የ74 ደቂቃ ፊልም ነው፤ እሱም ታሪክ ነው። ስለዚህ የዛሬው ክርክሬ ይህ ነው፦ በእነዚህ ፊልሞች ረገድ ሊጠበቅ የሚገባው «ትክክለኛው» ተብሎ የተመረጠ አንድ ቅጂ አይደለም፤ የተቆረጡት፣ የተቀጠሉት፣ በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተተካባቸው ቅጂዎች ሁሉ አብረው ሊጠበቁ ይገባል። ይህንንም ለማድረግ የኩባንያ መጋዘን ብቻውን አይበቃም፤ ለሕዝብ የተከፈተ፣ ዝርዝሩ በታማኝነት የተጻፈ የኦንላይን ቤተ መዛግብት ያስፈልጋል።

ለምን በተለይ የጭራቅ ፊልሞች? የማንኛውም አገር ፊልም ድንበር ሲሻገር ይቆረጣልና። መልሱ ያለው በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ነው። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር፣ ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ የተባለች የጃፓን የቱና አሳ አጥማጅ ጀልባ ከነ23 ሠራተኞቿ የጨረር አመድ ዘነበባት፤ የጀልባዋ የሬዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ በሴፕቴምበር ሞተ። «ጎጂራ» በሲኒማ ቤቶች የተከፈተው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ፣ ዳይሬክተሩ ሆንዳ፣ የልዩ ምስል ባለሙያው ኤጂ ፁቡራያ ፊልሙን የጀመሩት በባሕር ላይ በድንገት ብርሃን ፈንጥቆ መርከብ ሲውጥ በማሳየት ነው። ያን ትዕይንት ያየ የጃፓን ተመልካች ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ የሚነደው ቶኪዮ፣ በቁስለኛ የተሞላው ሆስፒታል፣ በሕፃን ላይ የተደገነው የጨረር መለኪያ፣ ካበቃ ገና ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ጦርነት ትዝታ ነው። ጭራቁ ተረት ሆኖ ሳለ በዙሪያው ያለው ዜና ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም ሲቆረጥ የሚወገደው ርዝመት ብቻ አይደለም፤ መቀሱ የት እንዳረፈ ስናይ ቆራጩ ምን መስማት እንዳልፈለገ እናያለን።

በ1956 በአሜሪካ የታየውን «ጎድዚላ፣ የጭራቆች ንጉሥ» ተመልከቱ። ገዢዎቹ የ96 ደቂቃውን «ጎጂራ» ወደ 80 ደቂቃ አወረዱት፤ በዚያ ላይ ቴሪ ሞርስ የተባለ ዳይሬክተር ሬይመንድ በር የሚጫወተውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አሜሪካ ውስጥ ቀርጾ በመሃል በመሃሉ ሰካው። ምን ወጣ? በባቡር ውስጥ አንዲት ሴት ከናጋሳኪ በጭንቅ ማምለጧን የምታነሣበት ንግግር ወጣ። በመጨረሻው ትዕይንት የፊልሙ ሳይንቲስት ዶክተር ያማኔ የኑክሌር ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎጂራ ሊመጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅበት ቃልም ወጣ፤ በምትኩ ዓለም ሰላሟን እንዳገኘች የሚያበስር የጋዜጠኛው ድምፅ ገባ። ይህ ቅጂ በ1957 ተመልሶ ወደ ጃፓን ገብቶ በሲኒማ ቤቶች ታየ። ጃፓናውያን የራሳቸውን ሐዘን በአሜሪካዊ ተራኪ ዓይን ተመለከቱት ማለት ነው። ዋናው የጃፓን ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በስፋት የታየው ግን በ2004፣ ከተሠራ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ይህን የሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የአሜሪካውን ቅጂ ጥሎ የጃፓኑን ማስቀረት ነው። እኔ አልስማማም። የናጋሳኪ ንግግር መውጣቱን የምናውቀው ሁለቱን ጎን ለጎን ስናደርግ ብቻ ነው፤ አንዱ ከጠፋ የቀረው ስለ ሌላው አይመሰክርም።

ቅጂዎቹን ጎን ለጎን ማየት ሳይቻል ሲቀር ምን እንደሚከሰት «ኪንግ ኮንግ ከጎጂራ» ደግሞ ያስተምረናል። በ1963 ዩኒቨርሳል ኩባንያ ፊልሙን በአሜሪካ ሲያሳይ የአኪራ ኢፉኩቤን ሙዚቃ አብዛኛውን አውጥቶ ከመጋዘን በተወሰደ ሌላ ሙዚቃ ተካው፤ ታሪኩን የሚያብራሩ የዜና አንባቢዎችንም ጨመረበት። የጃፓኑ ፊልም በመሠረቱ የቴሌቪዥን ማስታወቂያንና የተመልካች ቁጥር ሩጫን የሚያፌዝበት ቀልድ ነበር፤ ጭራቁን ከደሴት የሚያስመጣው የመድኃኒት ኩባንያ አለቃ የዚያ ፌዝ ማዕከል ነው። በአሜሪካው ቅጂ ፌዙ በብዛት ደብዝዞ ትግሉ ቀረ። ከዚያ አንድ ወሬ ተነሣ፦ ፊልሙ ሁለት መጨረሻ አለው፣ በአሜሪካው ኮንግ ያሸንፋል፣ በጃፓኑ ደግሞ ጎጂራ ያሸንፋል ተባለ። ወሬው በመጽሔት ታተመ፣ በጥያቄና መልስ ጨዋታ ካርድ ላይ ሳይቀር እንደ እውነት ተጻፈ፣ ለአሥርት ዓመታትም ኖረ። ውሸት ነው። በሁለቱም ቅጂዎች መጨረሻ ላይ ከባሕሩ ወጥቶ እየዋኘ ወደ አገሩ የሚያቀናው ኮንግ ነው። ወሬው ዕድሜ ያገኘው አሜሪካዊው አንባቢ የጃፓኑን ፊልም አግኝቶ ማመሳከር ስላልቻለ ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ትዕይንቶች ማንም ሊከፍታቸው በሚችል ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ኖሮ ያ ሁሉ የሚፈታው በጥቂት ደቂቃ ነበር። የፊልም ታሪክ ተመራማሪ በእንዲህ ያለ ነገር ይስቃል፤ ነገር ግን በሲኒማ መጻሕፍት ውስጥ ማንም ሊያመሳክራቸው ያልቻለ ስንት ሌሎች አረፍተ ነገሮች እንዳሉ ሲያስብ ሳቁን ይተወዋል።

ቅጂ ከማስረጃነትም አልፎ ነፍስ አድን ሆኖ ያውቃል። በ1967 ደቡብ ኮሪያ የጃፓኑን ዘይቤ ተከትላ «ዮንጋሪ» የተባለ የጭራቅ ፊልም ሠራች። ዛሬ ከኮሪያኛው ቅጂ የተረፈው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ታሪክ ማየት የሚቻለው ለውጭ ገበያ ተልኮ በእንግሊዝኛ ድምፅ በተተካው ቅጂ ነው። በቴሌቪዥን እኩለ ሌሊት ላይ የሚታይ፣ ተመልካች የሚያላግጥበት ያ ቅጂ ፊልሙን ከሞት አተረፈው። ቅጂ ያልተበተነላቸው ግን የሉም። ከጎጂራ በፊት ጃፓን ውስጥ የአሜሪካውን ኪንግ ኮንግ ተከትለው የተሠሩ ፊልሞች ነበሩ፤ ሾቺኩ የተባለው ኩባንያ በ1933 የሠራው አጭር ኮሜዲ አለ፣ በ1938 የተሠራው «በኤዶ የታየው ኪንግ ኮንግ» አለ። በ1934 ደግሞ አንድ ግዙፍ የቡድሃ ሐውልት ተነሥቶ ሲራመድ የሚያሳይ ፊልም ተሠርቶ ነበር። ሦስቱም ጠፍተዋል። የሚታወቁት ከፎቶግራፍና ከጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ የጭራቅ ፊልም በጃፓን ከየት እንደጀመረ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ማየት አይችልም፣ ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው።

ባለቤትነት የሚቀያየር መሆኑም አይዘነጋ። ግዙፉን ኤሊ «ጋሜራ»ን በ1965 የፈጠረው ዳይኤይ ኩባንያ በ1971 ከሰረ፤ ፊልሞቹ ወደ ቶኩማ፣ በ2002 ደግሞ ወደ ካዶካዋ ተሻገሩ። ኩባንያ ሲከስር የመጋዘኑን ዕቃ የሚረከበው አበዳሪ ወይም ገዢ ነው፤ የተረከበው የሚጠብቀውም የሚሸጠውን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መንግሥት አንድ ቅጂ በእጁ ቢኖረው ደግ ነበር። ነገር ግን የጃፓን ብሔራዊ ዲየት ቤተ መጻሕፍት ሕግ ፊልምን በግዴታ ከሚረከቡ የሕትመት ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባውም፣ ከ1949 ጀምሮ በልዩ ድንጋጌ ነፃ አድርጎት ቆይቷል። አሳታሚ መጽሐፉን ያስረክባል፤ ፊልም ሠሪ ግን አይገደድም። በ2018 ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው የጃፓን ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት በሳጋሚሃራ ባለው ቀዝቃዛ መጋዘን ድንቅ ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም የሚሰበስበው በስጦታና በግዢ ነው። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ የሚያስገድደው ሕግ የለውም።

እንግዲህ የማስበው የኦንላይን ቤተ መዛግብት ምን ይመስላል? ፊልሞችን አንድ ላይ አከማችቶ «ይኸው፣ እዩ» የሚል ድረ ገጽ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ መዝገብ ይኖራል፤ በመዝገቡ ውስጥ የታወቁ ቅጂዎች ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ለእያንዳንዱም ዓመቱ፣ ርዝመቱ፣ ቋንቋው፣ ማን እንዳሳየው፣ ከምን እንደተቀዳ፣ ከዋና ኔጌቲቭ ይሁን ከ35 ሚሊ ሜትር የማሳያ ቅጂ፣ ከ16 ሚሊ ሜትር የቴሌቪዥን ቅጂ ይሁን ከቪዲዮ ክር፣ የቱ ትዕይንት እንደጎደለው ይጻፋል። የታደሰው ምስል ብቻ ሳይሆን ከመታደሱ በፊት የተቀዳው ያልተነካ ምስልም አብሮ ይቀመጣል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ የቴክኒክ ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ አይምሰላችሁ። ፁቡራያ የሚበሩትን አውሬዎች ያንቀሳቅስ የነበረው በሽቦ ነው፤ የዘመኑ የማሳያ ቅጂ ሽቦውን ይደብቀው ነበር፣ የ4ኬ ቅጂ ግን ያወጣዋል። አዳሹ በኮምፒውተር ሊሰርዘው ይፈተናል። ቢሰርዘው የዘመኑ ተመልካች ያየውን ወደሚመስል ነገር ይቀርባል፤ ባይሰርዘው የእጅ ሥራውን ያሳያል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ያልተነካው ምስል ከሌለ ግን ምርጫው የአዳሹ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ቀጣዩ ትውልድም ምርጫ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ከምስሉ ይልቅ ዝርዝሩን አስበልጬ መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርማችሁ ይችላል። የእኛው ታሪክ ይህን ይመሰክራል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ በሚኒሶታ አስቀመጠ፤ ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ያን ክምችት ግን ተመራማሪ የሚሠራበት ያደረገው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት የደከሙበት ካታሎግ ነው፤ የትኛው ብራና ምን እንደያዘ፣ የማን ዘመን እንደሆነ፣ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳከር የሚናገር ዝርዝር። ለጭራቅ ፊልም ይህን ያህል ድካም ይገባዋል ወይ የሚል ቢኖር መልሱን ቆይቼ እሰጣለሁ።

አሁን የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልመልከት። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ፊልሞቹ እኮ በእጃችን ናቸው፤ ክራይቴሪየን የተባለው የፊልም አሳታሚ በ2019 ከ1954 እስከ 1975 የተሠሩትን 15 የጎጂራ ፊልሞች በአንድ ሳጥን አውጥቷል፣ ክፍያ የሚጠይቁ የኦንላይን ማሳያዎችም ያቀርቧቸዋል፤ ቤተ መዛግብቱ ምን ይጨምራል? ያ ሳጥን የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ በውስጡም የጃፓኑን «ኪንግ ኮንግ ከጎጂራ» ማካተቱ ብዙ ሰው ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ነገር ግን ሳጥን የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ የኦንላይን ማሳያ ደግሞ በውል ላይ የቆመ ነው፤ ውሉ ሲያበቃ ፊልሙ ከገጹ ይነሣል፣ ተመልካቹም የከፈለበትን ወደ ቤቱ አይወስድም። ከሁሉ በላይ ገበያ የሚያቀርበው የሚፈለገውን ቅጂ ነው። ከጃፓን በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የወጡት የጭራቅ ፊልሞች በብዛት በሰፊ ስክሪን የተቀረጹ ናቸው፤ ሆንዳ ሁለቱን ተጋጣሚዎች በሰፊው ምስል ሁለት ጫፍ ያቆማቸው ነበር። በአራት ማዕዘኑ ቴሌቪዥን ላይ ሲታዩ ጎኖቹ ተቆርጠው፣ አንዱ ሲጮህ ሌላው ከምስሉ ውጭ ሆኖ ነበር። ያን የቴሌቪዥን ቅጂ ዛሬ የሚሸጥ የለም፤ መሸጥም የለበትም። ነገር ግን በውጭ አገር ያደገ አንድ ሙሉ ትውልድ እነዚህን ፊልሞች ርካሽና ዝብርቅርቅ አድርጎ ለምን እንደገመታቸው ለመረዳት ያ ቅጂ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ የቅጂ መብት። ፊልሞቹ ባለቤት አላቸው፤ ቶሆም መብቱን በንቃት የሚያስከብር ኩባንያ ነው። የጃፓን ሕግ ከ2004 መግቢያ ጀምሮ የፊልምን ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት አራዘመ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 እንደወሰነው በ1953 የወጡ ፊልሞች ከማራዘሚያው ውጭ ሆኑ፣ «ጎጂራ»ን ጨምሮ የ1954ቹ ግን ገቡበት። በዚያ ላይ አሮጌው ሕግ ጥበቃውን ከደራሲው ሞት በኋላ 38 ዓመት ይቆጥር ስለነበር፣ ዳይሬክተሩ እንደ ደራሲ ከተቆጠረ ሆንዳ የሞተው በ1993 በመሆኑ ስሌቱ እስከ 2031 ይወስደናል። በአሜሪካ የ95 ዓመቱ ዘመን የሚያበቃው በ2049 መጨረሻ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ለባለመብት ሳይከፍል የሰው ንብረት የሚዘረጋን ድረ ገጽም ቤተ መዛግብት ብዬ አልጠራውም። ነገር ግን ጥበቃና ማሳያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መዝገቡ፣ የቅጂዎቹ ዝርዝርና ንጽጽሩ ለሁሉም ሊከፈት ይችላል፤ ሙሉው ምስል ደግሞ መብቱ እስኪያበቃ ወይም ባለቤቱ እስኪስማማ ድረስ በተቋሙ ውስጥ ለጥናት ብቻ ሊታይ ይችላል። ይህ ባዶ ምኞት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ባለቤታቸው የማይታወቅ ሥራዎችን፣ በ2019 ደግሞ ከገበያ የወጡ ሥራዎችን የቅርስ ተቋማት በኦንላይን የሚያቀርቡበትን ሕግ አውጥቷል። የኮሪያ የፊልም ቤተ መዛግብት ከ100 በላይ የቆዩ ፊልሞችን ከነእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፋቸው በዩቲዩብ በነፃ ያሳያል። ጃፓንም ራሷ በ2017 የቀድሞ አኒሜሽን ፊልሞቿን የሚያሳይ ድረ ገጽ በብሔራዊ ተቋሟ በኩል ከፍታለች። ከድምፅ አልባ አኒሜሽን ወደ ጭራቅ ፊልም ለመሻገር የጎደለው ቴክኒክ አይደለም፤ የቶሆ ፊርማ ነው። የ74 ደቂቃውን ቅጂ ማውጣት ቶሆን ምን ያከስረዋል? የታደሰውን ፊልም የሚገዛ ሰው የልጆቹን አጭር ቅጂ አይቶ ግዢውን አይተውም፤ እንዲያውም የሚገዙት እንዲህ ያለውን ነገር የሚከታተሉት ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከፊልም ጠባቂዎቹ ከራሳቸው ነው፤ እኔም ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ የማከብረው እሱን ነው። ዲጂታል ፋይል ዕድሜ የለውም ይላሉ። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ2007 ባወጣው ጥናት አንድን ፊልም በዲጂታል 4ኬ ማስቀመጥ በዓመት 12,514 ዶላር ሲያስወጣ፣ በፊልም ማስቀመጥ ግን 1,059 ዶላር ብቻ ይፈጅ ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ፊልም በቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ፋይል ግን በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ማከማቻ ካልተገለበጠ ይሞታል። በኦክቶበር 2024 ኢንተርኔት አርካይቭ በመረጃ ጠላፊዎች ተመትቶ ለቀናት ሲዘጋ በአንድ በር ላይ መተማመን ምን እንደሚያስከትል ሁሉም አይቷል። ስለዚህ ኔጌቲቩ ይጣል የሚል ሰው ቢመጣ ከጠባቂዎቹ ጋር ቆሜ እከራከረዋለሁ። ነገር ግን ፊልምም ቢሆን የማይሞት አይደለም። አሲቴት የተባለው መሠረቱ በሙቀትና በእርጥበት ሲበላሽ ኮምጣጤ እየሸተተ ይሸበሸባል። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የቀለም ፊልም ሰማያዊ አረንጓዴው እየለቀቀ ምስሉ ሁሉ ወደ ሐምራዊ ይዞራል፤ በ1956 በቀለም የተሠራው «ሮዳን»ም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ከዚህ አያመልጡም። የለቀቀውን ቀለም ወደ ፊልሙ የሚመልስ ኬሚካል የለም፤ ሳይለቅ የተቀዳ ዲጂታል ምስል ግን ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ይይዛል። እንግዲህ ጠቡ በፊልምና በፋይል መካከል መሆን የለበትም። ኔጌቲቩ በአንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ይኑር፤ ፋይሎቹ ደግሞ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ብዙ ተቋማት ይቀመጡ፣ በየጊዜውም ከዲጂታል አሻራቸው ጋር እየተመሳከሩ መበላሸት አለመበላሸታቸው ይረጋገጥ። ወጪው ሲከፋፈል ለአንድ ተቋም የከበደው ለአሥሩ ይቀላል።

አራተኛውን ተቃውሞ ብዙ አልቆይበትም። በጎማ ልብስ የታሸገ ሰው ካርቶን ከተማ ሲረግጥ የሚያሳይ ፊልም ቅርስ ነው ወይ? ጎጂራን በልብስ ውስጥ ሆኖ የተጫወተው ሃሩዎ ናካጂማ የረገጠው ቶኪዮ በ1 ለ25 መጠን ሕንፃ በሕንፃ በእጅ የተሠራ ነበር፤ ኢፉኩቤ የጭራቁን ጩኸት ያወጣው የኮንትራባስ ክር ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት በመሳብ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከተቀረጸ በኋላ አይተርፍም፤ ሞዴሉ ይፈርሳል፣ ላስቲኩ ይበሰብሳል። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ ይህን አይቶ በ2012 በቶኪዮ ስለ ጥበቡ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ፤ በ2020 ደግሞ በፁቡራያ የትውልድ ከተማ በሱካጋዋ የተረፉትን ሞዴሎችና ቁሳቁሶች የሚጠብቅ ማዕከል ተከፈተ። በ2024 «ጎጂራ ማይነስ ዋን» የልዩ ምስል ኦስካር ሲያገኝ የተሸለመው ሰባ ዓመት የዘለቀ ሙያ ነው። ቅርስ ለመባል ሥራው ጨዋ መሆን አለበት የሚል ካለ፣ ሻክስፒርም በዘመኑ ጩኸት በበዛበት ቲያትር ቤት ይታይ እንደነበር አስታውሼው አልፋለሁ።

የሚያስቸግረኝ አምስተኛው ነው። ቶሆ ራሱ እንዳይታይ የከለከለው ፊልም አለ፤ ሆንዳ በ1955 የሠራው የበረዶ ሰው ታሪክ። በተራራ ላይ ተገልለው የሚኖሩትን መንደርተኞች ያቀረበበት መንገድ በጃፓን ለረጅም ጊዜ የተገለሉትን የቡራኩ ማኅበረሰብ የሚያዋርድ ሆኖ በመገኘቱ ኩባንያው ፊልሙን በጃፓን በቤት ቪዲዮ አላወጣውም። በቴሌቪዥኑ «አልትራሴቨን» ተከታታይ ውስጥም 12ኛው ክፍል በቦምቡ ጨረር የተጎዱትን ሰዎች የሚያስቀይም ሆኖ ስለተገኘ ከ1970 ጀምሮ ከስርጭት ወጥቷል። ቅጂ ሁሉ ይጠበቅ የሚል ሰው እነዚህንስ ምን ይላል? የተጎዱት ሰዎች ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ እሱን ንቆ «የጥበብ ነፃነት» ማለት ቀላል ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። ቢሆንም ክልከላው ፊልሙን አላጠፋውም። የበረዶው ሰው በአሜሪካ ጆን ካራዲን ተጨምሮበት፣ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ተቆርጦ በ1958 ታይቷል፤ የጃፓኑም ፊልም ፈቃድ በሌላቸው ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ምንም ማብራሪያ ሳይኖረው። ማለትም ዛሬ ፊልሙን የሚያየው ሰው ማን ለምን እንደተቀየመ ሳያውቅ ነው የሚያየው። የተደበቀ ፊልም ለሚያዋርዳቸው ሰዎች ያለው ጥቅም ይህ ከሆነ፣ ከድብቅ ቅጂ ይልቅ በቤተ መዛግብት ውስጥ ለጥናት የሚከፈት፣ የክልከላው ታሪክና የማኅበረሰቡ ተወካዮች ቃል ከፊቱ የሰፈረበት ቅጂ ይሻላል። እንዴትና ለማን ይከፈት የሚለውንም ቶሆ ወይም ደጋፊዎቹ ብቻቸውን ሊወስኑት አይገባም፤ የተነካው ወገን ከመጀመሪያው በውይይቱ ይግባ።

ከየት ይጀመር ለሚለው፣ በእኔ አስተያየት ከጎጂራ አይደለም። የጎጂራን ኔጌቲቭ የሚጠብቅ ሀብታም ባለቤት አለው። መጀመሪያ መድረስ ያለብን ለማይሸጡት ነው፦ ትናንሽና የከሰሩ ኩባንያዎች ለሠሯቸው፣ በ16 ሚሊ ሜትር ለቴሌቪዥን ጣቢያ ተልከው ላልተመለሱት፣ በኢጣሊያ፣ በጀርመን፣ በሜክሲኮ በአገሩ ቋንቋ ድምፅ ለተተካባቸው። ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ኮትሲ በ1977 የአሜሪካውን «ጎድዚላ» ወስዶ በቀለም ነክሮ፣ የጦርነት ዜና ምስሎችን ጨምሮበት በአገሩ ሲኒማ ቤቶች አሳይቶት ነበር፤ ያ እንግዳ ፊልም እስከ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው አፍቃሪዎቹ በያዙት የቪዲዮ ክር ነው። የቪዲዮ ክር ማግኔቱ እየለቀቀ ነው፣ የሚያጫውቱት ማሽኖችም ከፋብሪካ መውጣት አቁመዋል። እነዚህን ቅጂዎች የያዙት በአብዛኛው ግለሰቦች ናቸው። ስለዚህ የሚቋቋመው ተቋም በመጀመሪያ ዓመቱ ሊሠራው የሚገባው ሥራ ሰርቨር መግዛት ሳይሆን፣ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው ሳይከሰስ የሚያስመዘግብበትና የሚያስቀዳበት ስምምነት ከባለመብቶቹ ጋር መፈራረም ነው።